የአባዬን ፔጆ ፍለጋ ወደ ሐረር

ረቡዕ ማታ፣ አዲስ አበባ

አባዬ ወረቀት አይጥልም። የደርግ ዘመን የመብራት ደረሰኝ ሁሉ አስሮ አስቀምጧል። ስለዚህ የፔጆዋን የሽያጭ ውል ስጠይቀው "ቆይ ላስብ" እንኳ አላለም። ቁም ሳጥኑን ከፈተና ከካኪ ፖስታ አውጥቶ ሰጠኝ። በ1984 ዓ.ም. የተጻፈ ውል ነው። ሻጭ እሱ፣ ገዢ አንድ የድሬዳዋ ነጋዴ። ምስክሮች፣ ቴምብር፣ ፊርማ። ከታች ደግሞ እኔ የምፈልገው ነገር በአባዬ የእጅ ጽሑፍ ቁልጭ ብሎ ሰፍሯል፤ የሻንሲና የሞተር ቁጥር። ሻንሲዋ በ736 ያበቃል፣ ሞተሯ በ209።

"ምን ልታደርጋት ነው?" አለኝ።

"ካለች ላያት።"

"እንዳትገዛት ብቻ። ማቆሚያ የለንም።"

ፔጆ 404ን ለማያውቅ ትንሽ ልበል። እ.ኤ.አ. በ1960 ነው የወጣችው። ቅርጿን የሠራው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነው፤ ከኋላ ግራና ቀኝ ሾጠጥ ብለው የወጡት ክንፎቿ የሱ እጅ ናቸው። ሞተሯ 1,618 ሲሲ ሆኖ በ45 ዲግሪ ወደ ጎን ጋደም ብሎ ነው የተቀመጠው። ማርሹ መሪው ሥር ነው። ፈረንሳይ ውስጥ አውቶሞቢሏ እስከ 1975 ስትመረት ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ጥንካሬዋ የታወቀው ግን እዚሁ እኛ ሰፈር ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን በ1963፣ በ66፣ በ67 እና በ68 አሸንፋለች። በ1963ቱ ውድድር ከተነሱት 84 መኪኖች የጨረሱት 7 ብቻ ነበሩ። አንደኛ የወጣችው 404 ናት። ይሄን አባዬ ፊት አታንሱበት። ካነሳችሁ ቡና ሦስተኛው ድረስ አትነሱም።

እሱ የአውራ ጎዳና ቀያሽ ነበር። በ1964 ዓ.ም. ዕቃውን ሸጦ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንሳዊ ላይ ገዛት። ግራጫ ነበረች። እኔ ስወለድ ቤት ውስጥ ጠበቀችኝ፤ በዕድሜ ታላቄ ናት ማለት ነው። ለምን ሸጥካት ሲባል መልሱ እንደ ቀኑ ይለያያል። አንዴ "ጎማ ጠፋ" ይላል። አንዴ "ቤንዚኑ"። አንዴ ደግሞ "ጊዜው ነዋ" ብሎ ዝም። እማዬ ግን መልሷ አንድ ነው። ቤቱ ያፈስ ነበር፣ ፔጆዋ ተሸጠች፣ ቆርቆሮው ተቀየረ። ቆርቆሮው አሁንም አለ።

ሐሙስ፣ ወደ ድሬ

ከሌሊቱ 11 ሰዓት አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩ። በባቡር መሄድ ይቻል ነበር። አባዬ ግን "መኪና በመኪና መንገድ ነው የሚፈለገው" አለ። ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም፤ ታዘዝኩ።

እስከ አዳማ ያለው የፍጥነት መንገድ ስለሆነ እንቅልፍ ነው። መተሐራ ላይ ነቃሁ። የበሰቃ ሐይቅ ከዓመት ዓመት እየሰፋ መጥቶ አስፋልቱ ጥግ ደርሷል። በስተ ሰሜን የፈንታሌ ተራራ አለ፣ ከሥሩ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። አዋሽ ሰባት ላይ ፍርፍር በልተን ተነሳን። ሚኤሶ ሳንደርስ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ረዳቱ ጎማ እስኪቀይር አንዷ ግራር ሥር ሰላሳ ሰው ተጠጋግቶ ቆመ። ከዚያ አሰቦት፣ ከዚያ ዳገቱ።

ጭሮ ሲደረስ አየሩም መሬቱም ይለወጣል። ቆላው ከኋላ ይቀርና የጨርጨር ተራሮች ይመጣሉ። ኅዳር ስለሆነ ማሽላው እየታጨደ ነው። የቀረው ሁሉ ጫት ነው፤ እርከን በእርከን፣ ከአስፋልቱ ጫፍ እስከ ተራራው አናት።

ይሄን መንገድ በፔጆዋ ሄጄበታለሁ። ለታኅሣሥ 19፣ ለቁልቢ ገብርኤል። ከኋላ ወንበር እኔና እህቴ፣ በመሐላችን የስንቅ ዘንቢል። እማዬ ጋቢና ስለቷን ይዛ ተቀምጣለች፤ ለማን እንደተሳለች አልተነገረንም። ሂርና ዳገት ላይ አባዬ መኪናዋን ዳር አስይዞ ኮፈኑን ከፈተ። እንፋሎቱ ቡፍ ሲል አስታውሳለሁ። ራዲያተሩን በጨርቅ ይዞ ሲከፍት፣ እማዬ "ተው ፊትህን!" ስትለው። እሱ ዛሬም "ፔጆ አትፈላም" ይላል። "ታዲያ ሂርና ላይ ምን ሆና ነው?" ስትሉት "አርፋ ነው" ይላችኋል።

ጨለንቆን አለፍን። በ1879 ንጉሥ ምኒልክና የሐረሩ አሚር አብዱላሂ የተዋጉበት ሜዳ ነው። አውቶቡሱ ውስጥ ያነሳውም ያየውም የለም። ቁልቢን ስናልፍ ግን ግማሹ ሰው ተነስቶ አማተበ፤ ከጎኔ ያለው ሙስሊም ሽማግሌ ደግሞ "ገብርኤል ሰላም ያድርገን" አለ። በዚህ አገር ብርቅ አይደለም።

ደንገጎ ላይ መንገዱ ይከፈላል። ቀኙ ሐረር ነው፣ ግራው ድሬ። ወደ ግራ ዞረን እየተጠማዘዝን ቁልቁል ወረድን። ጆሮ ይደፍናል። በእያንዳንዱ ኩርባ ላይ ሹራብ የሚያወልቅ ሰው አለ።

ዓርብ፣ ድሬዳዋ

ድሬ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ሲደርስ ነው ከተማዋ የተቆረቆረችው። ከዚራ የሚባለው ሰፈር ዛሬም ጥላ ነው። ቀጥ ያለ መንገድ፣ ግራና ቀኝ ዛፍ፣ ጫፉ ላይ የድሮው ለገሃር። አንድ ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አገኘሁትና ስለ ፔጆ ጠየቅሁት። በፈረንሳይኛ መለሰልኝ። ከዚያ አየኝና በአማርኛ ደገመው፤ "ፈረንሳዮቹ ሲሄዱ ልጅም ፔጆም ትተው ሄዱ።"

ውሉ ላይ ያለው የነጋዴው አድራሻ መጋላ ነው፣ ከደቻቱ ወዲያ። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ የሆነ ወንዝ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ነጋዴ ይዘረጋበታል። በ1998 ክረምት ግን በሌሊት ሞልቶ መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። የነጋዴውም ሱቅ ወንዙ ዳር ነበር። እሱ ራሱ ከጎርፉ በፊት ነው የሞተው። ሱቁና ወረቀቱ ግን ከጎርፉ ጋር ሄደ። ይሄን የነገረኝ የልጅ ልጁ ነው። አሁን በዚያው መንገድ ላይ ሞባይል ይጠግናል።

"አቦ ግባ! ምን በር ላይ ያቆምሃል!" አለኝ፣ ማን እንደሆንኩ እንኳ ሳይጠይቅ። ውሉን አሳየሁት። የአያቱን ፊርማ ሲያይ የያዘውን ስልክ አስቀመጠ። ቤታቸው የአያቱ ጽሑፍ አንድም የለም። በሞባይሉ ፎቶ አነሳው፣ ደገመ፣ ለእናቱ ላከላት። እናቱ ወዲያው ደወለች። ድምፅ የለም፤ ለቅሶ ብቻ ነው የሚሰማው።

ከጁምዓ በኋላ አጎቱ ቤት ወሰደኝ። ፍራሽ፣ መከዳ፣ ዕጣን፣ መሐል ላይ ጫት። በርጫ ላይ ጥያቄ ይዞ መግባት ጥሩ ነው፤ የሚቸኩል ሰው የለም። ችግሩ መልሱም አይቸኩልም። አጎትየው ስለ ኮንትሮባንድ፣ ስለ ጅቡቲ፣ በባቡር ስለሚመጣ ጨርቅ አወራኝ። ወደ 10 ሰዓት ግድም ድንገት "ግራጫዋ!" አለ። "ወላሂ አስታወስኳት። አባቴ እሷን ይዞ ሰው አያሳፍርም ነበር። ወንበሩን በላስቲክ ሸፍኖ፣ ላስቲኩን በጨርቅ ሸፍኖ።"

"የት ሄደች?"

"ፔጆ የት ትሄዳለች? ሐረር ነዋ! በ1990 መሰለኝ፣ ለታክሲ ተሸጠች።"

ቅዳሜ፣ ሐረር

ጠዋት በሚኒባስ ወደ ላይ ተመለስን። ድሬ 1,200 ሜትር ግድም ናት፣ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 የምትጠጋ። ያወለቅኩትን ሹራብ መልሼ ለበስኩ። አዴሌን አለፍን። ደርቆ ሜዳ የሆነው የሐረማያ ሐይቅ ውሃ ተመልሶበታል፤ ዳር ዳሩን ከብት ይጠጣል። አወዳይ ላይ ግን ሰው በሰው ነው። እስር እስሩን ጫት በጭንቅላት፣ በጋሪ፣ በባጃጅ። ከመሐል ደግሞ ሰው "አልቃይዳ" ብሎ የሰየመው አይሱዙ ክላክሱን ተደግፎ ይወጣል። ጫቱ ሳይጠወልግ መድረስ አለበት። የሚቀድመው እሱ ነው፣ ሌላው ሁሉ ዳር ይይዛል።

ሐረር በርን አልፌ ጀጎል ስገባ መጀመሪያ ያየሁት 404 ነው። ሁለተኛም፣ ሦስተኛም። ግንቡ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው ይላሉ፤ ዩኔስኮም በ1998 ዓ.ም. መዝግቦታል። የድሮዎቹ አምስት በሮች ለእግረኛና ለአህያ የተሠሩ ናቸው። መኪና የሚገባው በዚህ በኋላ በተከፈተው በር ነው። ከበሩ እስከ ፈረስ መጋላ ያለው መንገድ ለ404 ተለክቶ የተሰፋ ይመስላል። ከታች ሰማያዊ፣ ከላይ ነጭ። ስልሳ ዓመት የሚጠጉ መኪኖች ሽንኩርትና አማት ጭነው ይሄዳሉ።

ድሮ ከዚህም ይበዙ ነበር። አሁን ባጃጁ በልጧቸዋል። ባጃጅ ርካሽ ነው፣ በየጠባቡ ይገባል። ቤንዚን ሊትሩ ከ100 ብር ባለፈበት ዘመን ደግሞ 404 በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ስትጠጣ ሂሳቡ አይወጣም። አንዱን ሹፌር ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ጠየቅሁት። በ2016 መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሏል፣ ምን ታስባላችሁ አልኩት። "አቦ፣ ኤሌክትሪኩ ስልሳ ዓመት ይሥራና ከዚያ እናውራ" አለኝ።

ፈረስ መጋላ ቆሜ ነገሬን ስናገር ሹፌሮቹ ከበቡኝ። የአባቴን መኪና ነው የምፈልገው አልኩ። አንዱ ወዲያው "ይቺ ናት!" አለ፣ የራሱን እያሳየ። ሌላው "እሱ ውሸታም ነው፣ ይቺ ናት!" አለ። ዋጋ የጠራልኝም አለ። ጥሪው የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ቅድመ ክፍያ ያህላል። አዲስ አበቤ አባቱን ፍለጋ መጣ ከተባለ ዋጋ ይወጣል፤ እኔም በነሱ ቦታ ብሆን እጨምር ነበር። የሻንሲ ቁጥር ይዤ እንደመጣሁ ሲያውቁ ግን ጨዋታው ሌላ ሆነ። ኮፈን በየተራ ተከፈተ። በስልክ መብራት እየተጎነበስን ቁጥር አነበብን። በ736 የሚያበቃ የለም። ልጆች ተሰበሰቡ፣ ቁጥር ጮክ ብሎ ማንበብ የልጆቹ ሥራ ሆነ።

በመጨረሻ ከመሐላቸው ሸምገል ያለው "ሞታ ከሆነ ሐጂ ጋ ናት። በሕይወት ካለችም ሐጂ ያውቃታል" አለ።

ማታ ቱሪስቱ ጅብ ሲቀለብ ሊያይ ወጣ። እኔ ፉል በልቼ ተኛሁ።

እሑድ፣ የሐጂ ጋራዥ

ሐጂ ሰባውን የተሻገረ፣ ቀጭን፣ ጢሙ በሂና የቀላ ሰው ነው። ከጀጎል ውጭ ባለ ግቢው ውስጥ 404 ብቻ ነው ያለው። ግማሾቹ ቆመዋል፣ ግማሾቹ በቸርኬያቸው ተቀምጠዋል፣ ጎማ የላቸውም። አንዷ ውስጥ ዶሮ ተኝታለች። በር ለብቻ ተደርድሯል፣ ቴስታታ ለብቻ። ካርቡራቶር በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ በቤንዚን ተዘፍዝፏል። ጎሚኒ ሲያልቅ ከአሮጌ የጭነት መኪና ጎማ ቆርጦ ይሠራል። የ504 ዕቃ እየሞረደ ያስገባል። ዕቃ ከጅቡቲ የሚያመጣለትም ሰው አለው። "ፋብሪካው ትቷታል፤ እኔ አልተውኳትም" አለኝ፣ ቀና ሳይል። ያጠበቀውን ቡለን እስኪጨርስ ሌላ ቃል አልጨመረም።

ውሉን ሰጠሁት። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ወረቀቱን አፍንጫው ሥር አደረገ። ከዚያ ሳይናገር ተነሳና ግቢው ጥግ ወዳለች አንዲት ቦዲ ወሰደኝ። በር የላትም፣ ሞተር የላትም፣ መስታወት የላትም። የፊት ቀኝ ጎኗ እስከ ጋቢናው ድረስ ተጨፍልቆ ገብቷል። ጨርቅ በቤንዚን ነከረና ሞተሩ ከነበረበት በስተኋላ ላሜራው ላይ የተመታችውን ትንሽ ሳህን ማሸት ጀመረ። መጀመሪያ ቅባቱ ለቀቀ፣ ከዚያ ሰማያዊ ቀለም፣ ከዚያ የፈረንሳይኛ ፊደል። ቁጥሩ መጨረሻ ላይ ወጣ። 7። 3። ስድስቱን በጥፍሩ ነው ያጸዳው።

ምን እንደሚሰማኝ አስቤበት ነበር። የተሰማኝ ግን ያሰብኩት አይደለም። ደነገጥኩ። የታመመ ዘመድ ልትጠይቅ ሄደህ አስከሬን ሲያሳዩህ ማለት ነው።

ጣሪያዋን በቁልፌ ጫፍ ፋቅሁት። ነጭ። ከሥሩ አረንጓዴ፤ የማን ዘመን እንደሆነ አላህ ይወቅ። ከሥሩ ግራጫ።

በ2009 ነው አለ ሐጂ። ደንገጎ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ያለው የጭነት መኪና። ሹፌሩ ወጥቷል፣ ሰው አልሞተም፣ አልሐምዱሊላህ። መኪናዋ ግን የምትቀና አልነበረችም። ስለዚህ ተከፋፈለች። ሐጂ እንደ ቅርጫ ነው የዘረዘረልኝ። ዲፈረንሻሉ ለእገሌ፣ ባውሉ ለእገሌ፣ የኋላ መብራቶቹ ጅጅጋ ሄደዋል፣ ራዲያተሩ ለሁለት ዓመት አንዱ ጋ ሠርቶ አረፈ። በሮቹ፣ የፊት ወንበሮቹ፣ ክሩስኮቱ (መሪው ፊት ያለው ሰሌዳ) እና ሞተሩ ግን ሳይበተኑ አንድ ላይ ሄዱ። የራሷ ሞተር የሞተባት ሌላ ቦዲ ነበረች፤ እሷ ላይ ገቡ። ሞተሩ ሕጋዊ ነው፣ ሊብሬው ላይ አስቀይረነዋል አለ። ይሄን ሁለቴ ነገረኝ፤ ከትራንስፖርት ቢሮ የመጣሁ ሳልመስለው አልቀረሁም።

"ያቺ መኪና አሁን የት ናት?"

"ትናንት ከፍተህ አይተሃታል" አለኝ።

አዎ። ሻንሲ ሻንሲውን ብቻ ነበር የምናነበው።

ለአባዬ ደወልኩ። ቦዲዋ እዚህ ወድቃለች፣ ሞተሯ ግን በሌላ ቦዲ ይሄዳል አልኩት። ትንሽ ዝም አለ።

"ሲሄድ ድምፁን ሰማኸው?"

"ነገ እሰማዋለሁ።"

"ስማውና ደውል" ብሎ ዘጋው።

ሰኞ፣ ፈረስ መጋላ

ሹፌሩ በዕድሜ እኩያዬ ነው። ቅዳሜ ዕለት "ይቺ ናት" ካሉት መሐል አልነበረም። ዝም ብሎ ኮፈኑን ከፍቶ፣ አስነብቦ፣ ዘግቶ ተሳፋሪ ጭኖ የሄደው ነው። ሐጂ ነግሮት ጠበቀኝ። ፊቱ ግን ደስ አላለውም።

"ምን ልታደርጋት ነው?" አለኝ። ቃል በቃል አባዬ ያለኝን።

"ምንም። ላያት ነው።"

"ይቺ የአባቴ መኪና ናት" አለ።

በ1990 ከድሬው ነጋዴ የገዛት አባቱ ነው። እሱን ትምህርት ቤት ያደረሰችው እሷ ናት። ታናናሾቹን እሷ አስተምራለች። እህቶቹ ሲዳሩ ሙሽራ ያመላለሰችው እሷ ናት። በ2009 ደንገጎ ላይ ከተጨፈለቀችው መኪና ውስጥ ወጥቶ አስፋልት ላይ የተቀመጠው አባቱ ነው። ከዚያ በኋላ መሪ አልጨበጠም። ሌላ ቦዲ ፈልገው፣ ተበድረው ገዝተው፣ ሞተሩንና የለመደውን ወንበር ያዛወሩት ልጁ እንዲነዳት ነው። አባትየው በ2013 ሞቷል። ስለዚህ እኔ ውል ይዤ ስመጣ ምን እንደመሰለው ገባኝ።

ውሉን ለሱ ሰጠሁት። የሞተር ቁጥሩን አብረን አየን፤ 209። ወረቀቱን አገላብጦ መለሰልኝና "ግባ" አለኝ።

ጋቢና ገባሁ። ወንበሩ ሦስት ጊዜ ልብስ ተቀይሮለታል፤ ስፕሪንጉ ግን ያው ነው፤ ወደ በሩ በኩል ያዘነብላል። እማዬ ትማረርበት የነበረው ይሄ ነው። ሹፌሩ ቁልፉን ከማዞሩ በፊት ግራ እጁን ክሩስኮቱ ሥር ሰደደና ቀጭ አደረገ።

"ምንድነው እሱ?"

"እሳቱን የሚቆርጥ ነው። ለሌባ። ሐጂ ነው የሠራው።"

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ቡናማ የፕላስቲክ ማብሪያ፣ የራስጌ መብራት ላይ የሚገባው ዓይነት። ሐጂ አይደለም የሠራው። በ1967 የጎረቤታችን መኪና በሌሊት ሲወሰድ አባዬ ከራስጌው መብራት ነቅሎ ያስገባው ነው። ታሪኩን ከነዝርዝሩ አውቀዋለሁ፤ እማዬ ለዓመታት በሻማ ማንበቧን ሳትጨምር ጨርሳው አታውቅም። ሹፌሩ ይሄን ስነግረው መጀመሪያ አላመነኝም። ሐጂ ጋ ደወለ። ሐጂ "እኔ? የድሬው ነጋዴ ያስገባው ነው እንጂ!" አለ። ያን ጊዜ ሳቀ። ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያው ሳቁ ነው።

ተነሳን። ከፈረስ መጋላ ወደ ሐረር በር፣ ከዚያ ወደ ሸንኮር። ቆሻሻ ካርቡራቶር እንዳላት ይሰማል፤ ሦስተኛ ላይ ታስላለች። መንገድ ላይ ሁለት እናቶችና አንድ ፍየል ጫንን። ፍየሉ ጆሮዬ ሥር ነበር። ማርሹን ከሁለት ወደ ሦስት ሲያሳልፈው ሹፌሩ ትንሽ ገታ አድርጎ፣ ሞተሩን አዳምጦ ነው የሚያስገባው። አባዬ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው። ማርሹ ራሱ እንደዚያ ካልተያዘ ስለማይገባ ነው አለኝ ሹፌሩ። ምሥጢሩ ሌላ መስሎኝ ነበር።

እናቶቹን ካወረድን በኋላ አባዬ ጋ ደውዬ ድምፁን ከፈትኩ። ስልኩን ኮፈኑ ላይ አስቀመጥነው።

"ቆማ ስትሠራ ትንቀጠቀጣለች" አለ አባዬ፣ ሰላም ሳይል።

"አዎ አባቴ፣ ቫልቮላው ነው" አለ ሹፌሩ።

"ቫልቮላ አይደለም። ካርቡራቶሩ ሥር ያለውን ጓርኒሲዮን እይ። አየር እየሳበች ነው።"

ከዚያ እኔ አልነበርኩም። ስለ ጓርኒሲዮን፣ ስለ ውሃ ፓምፕ፣ ስለ ዘይት ቁጥር አወሩ። ሹፌሩ አንዱን ነገር ሲጠይቅ አባዬ "እስክሪብቶ ያዝ" አለው፤ እኔ ነኝ የጻፍኩት። ሂርና ዳገት ተነሳ። "ትፈላብኛለች" አለ ሹፌሩ። "ያው፣ እዚያ ዳገት ላይ ትፈላለች" አለ አባዬ። እንደዋዛ! ለቤተሰቡ ዕድሜውን ሙሉ የካደውን ነገር፣ ለማያውቀው ሰው።

መጨረሻ ላይ ሹፌሩ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ እንደደከመ ተናገረ። ጠዋት ጠዋት ልጆች ሰብስቦ ነው የሚያስገፋት።

"ለምን ታስገፋለህ? በብረቱ አታስነሳትም?"

"ብረቱ ከየት ይመጣል አባቴ። እኛ ጋ ስትደርስ አልነበረም።"

አባዬ ትንሽ ዘገየ። "እኔ ጋ ነው" አለ። "ስሸጣት አስቀረሁት።"

ከፊት በመከላከያው ቀዳዳ ገብቶ ሞተሩን በእጅ የሚያዞረው ቆልማማ ብረት ማለቱ ነው። የወጥ ቤታችን በር ዕድሜ ልኬን የሚቀረቀርበት ብረት። ምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።

ማክሰኞና ከዚያ በኋላ

የመልሱ መንገድ የሚወራ አይደለም፤ ተኝቼ መጣሁ። ኪሴ ውስጥ የሹፌሩ ዝርዝር ነበር። የፊት መስታወት ጎማ፣ የሞተሪኖ ካርቦን፣ የቀኝ ፍሬቻ ሽፋን፣ ሁለት የበር እጀታ። ረቡዕ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። የመጀመሪያው ሱቅ ሳቀብኝ። ሁለተኛው "ሙዚየም ሂድ" አለኝ። ከውስጥ በኩል ያለ አንድ ሽማግሌ ግን የ404 ፍሬቻ ሽፋን ከነካርቶኑ ከጣሪያ ሥር አወረደ። ዋጋው ሲነገረኝ ሳልከራከር ከፈልኩ። አንድ ነበረው፣ እሱም የግራው ነው። ሹፌሩ "ላከው፣ ሐጂ ያስተካክለዋል" አለኝ።

አባዬ ብረቱን በጋዜጣ ጠቅልሎ በሲባጎ አስሮ ጠበቀኝ። በአውቶቡስ ሊልከው ነበር፤ ቆይቶ ሐሳቡን ለወጠ። ሰው እጅ አይሰጠውም፣ ራሱ ያደርሰዋል። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ይወርዳል፣ ሹፌሩ ከሐረር እዚያ ድረስ ይመጣል፤ በስልክ ጨርሰውታል። እማዬም አለችበት፤ እሷ ስለቷን ልታደርስ ነው፣ ለማን እንደተሳለች አሁንም አትናገርም። የወጥ ቤቱ በር እስከዚያ በመጥረጊያ እንጨት ተይዟል። እኔ በሚኒባስ አደርሳቸዋለሁ። ከቁልቢ እስከ ሐረር ያለውን በፔጆዋ ማን ይነዳል ብዬ ጠየቅሁ። ሹፌሩና አባዬ እየተቀያየሩ ነው ተባልኩ።